ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ እና ያልተነበበው ሸርጥ



የዛሬው ጽሑፋችን ከወትሮው ለየት ይላል፤ ስለ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ግን እንዳይዘለው እንለምናለን። እኛም ከጥቂት ወራት በፊት ከማያውቁት ወገን ነበርን። ጉዳዩ ስለ ዐቅድና ስለ ሸርጥ ነውና የሚሸጥም የሚገዛም ሰው ሁሉ ይመለከተዋል። ረዘም ስለሚል ታገሱን።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ከጀመዓችን ሦስት ወጣቶች አንድ ሳጥን ሠርተዋል። ፊት ለፊቱ ስክሪን አለው፤ የአምስቱን ሰላት ወቅትና ለኢቃማ የቀረውን ደቂቃ ያሳያል። የመድረሳ ልጆች ሲገቡ ካርዳቸውን ያስጠጉበታል፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ይመዘግባል። ኮሚቴው ደግሞ ወርሃዊ መዋጮ የከፈለውን ሰው ስምና መጠን እዚያው ያስገባል። ውስጡ መዳፍ የማትሞላ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ኮምፒውተር አለች። ስሙንና ቁጥሩን ሁሉ አደራጅቶ የሚይዘው ግን ዳታቤዝ የሚባለው ፕሮግራም ነው። የማይሰለች መዝገብ ያዥ በሉት። ስክሪኑንና ሰሌዳውን ልጆቹ ገዙ፤ ሳጥኑን አናጢ ጋር አሠሩ፤ የሰላት ሰዓቱንና የካርዱን ፕሮግራም ራሳቸው ጻፉ። ዳታቤዙን ግን አልጻፉትም። ማሪያዲቢ የሚባለውን ከኢንተርኔት አውርደው ጫኑበት። ሳጥኑ ማሻአላህ ይሠራል። ሰባት መስጂዶች ገዝተውታል።

ባለፈው ሰሞን ጀርመን የሚኖሩ የአገራችን ልጆች ለመስጂዳቸው ሊገዙ ጠየቁ። ዋጋ ከተነጋገሩ በኋላ አንድ መልእክት ላኩ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ሶፍትዌሮች ዝርዝር፣ የእያንዳንዳቸውን ላይሰንስ፣ ሶርስ ኮዱም የሚገኝበትን መንገድ ጽፋችሁ ላኩልን የሚል። ልጆቹ ደነገጡ። አንደኛው "ከኢንተርኔት በነፃ ያወረድነው ነው፤ ምን ላይሰንስ አለው?" አለ። ሁለተኛው "ሁሉም የራሳችን ሥራ ነው ብለን እንጻፍላቸው፤ ማን ያውቃል?" አለ። ሦስተኛው ዝም ብሎ ቆየና ሁለቱንም ይዞ ወደ ኢማማችን መጣ።

ኢማማችን ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ሸርጡን አንብባችሁታል?" አላነበቡትም። "ታዲያ ባልተነበበ ዐቅድ ላይ ምን ብዬ ልናገር? አንብቡና ኑ" ብለው እኛን ከልጆቹ ጋር አስቀመጡን።

ሁለት ሳምንት ከዐስር በኋላ ተቀመጥን። መድረሳ ላይ ኪታብ እንደሚቀራው አንዱ ያነባል፣ ሌላው ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ እኛ ያልገባንን እንጠይቃለን። የማሪያዲቢ ላይሰንስ ጂፒኤል ይባላል፤ ሁለተኛው እትም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ። አሥራ ሦስት አንቀጾች አሉት፤ ቁጥራቸው ከዜሮ ጀምሮ አሥራ ሁለት ላይ ያበቃል። (ከዜሮ መቁጠር የፕሮግራመሮች ልማድ መሆኑን ልጆቹ ነግረውናል።) ከጠበቅነው በላይ ግልጽ ነው። ሐሺያ የሚፈልጉ ቦታዎች አሉት፤ እነሱን ወደ ኋላ እንመጣባቸዋለን።

በመጀመሪያ "በነፃ ነው" የሚለው ቃል ይስተካከል። ልጆቻችን "ነፃ" ሲሉ ባለቤት የሌለው፣ መንገድ ላይ የወደቀ ማለታቸው ነበር። ይህ ዳታቤዝ ባለቤት አለው፤ ታሪኩም የታወቀ ነው። ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ዳታቤዝ ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2000 በጂፒኤል ለቀቁት። ድርጅታቸው ሁለት በር ነበረው። በአንደኛው በር የጂፒኤልን ሸርጥ ተቀብሎ የሚገባ ሰው ገንዘብ አይከፍልም። ሸርጡን የማይፈልግ፣ ፕሮግራሙን ዘግቶ ከዕቃው ጋር መሸጥ የሚሻ ድርጅት ደግሞ በሁለተኛው በር ከፍሎ የንግድ ላይሰንስ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰን የሚባለው ኩባንያ ይህን ድርጅት በ1 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። 1 ቢሊዮን ዶላር! ባለቤት የሌለው ዕቃ በዚህ ዋጋ አይሸጥም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኦራክል ሰንን ሲጠቀልል ማይኤስኪውኤልም አብሮ ሄደ፤ ለንግድ የሚሆነውን ላይሰንስ ዛሬም ኦራክል ይሸጣል። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ሚካኤል ዊዴኒየስ ግን ይህ ስላሰጋው እ.ኤ.አ. በ2009 ከዚያው ኮድ ማሪያዲቢን ጀምሮ ነበር። ሁለቱም ስሞች የሴት ልጆቹ ስሞች ናቸው፤ የመጀመሪያዋ ማይ፣ ታናሿ ማሪያ። ማሪያዲቢ ከዚያው ኮድ ስለተወለደ የጂፒኤል ሸርጥ ከነሙሉ ክብደቱ ተከትሎታል። ሁለተኛው በርም የለውም፤ የኦራክል ንብረት የሆነ ኮድ ውስጡ ስላለ ገንዘብ ይዞ ቢመጣም ሌላ ላይሰንስ የሚሸጥለት ሰው የለም። ስለዚህ ልጆቻችን የገቡበት በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሸርጥ ያለበት።

ሸርጡ ታዲያ መቼ ይጀምራል? እኛን በጣም ያስገረመን እዚህ ላይ ያለው ነው። ፕሮግራሙን አውርዶ ቤቱ፣ ቢሮው፣ መስጂዱ ውስጥ ለሚጠቀምበት ሰው ጂፒኤል ምንም አይለውም። እንዳሻው ይቀይረዋል፤ ለማንም ምንም ማሳወቅ የለበትም። ዌብሳይት ከፍቶ ሺ ሰው ቢያስተናግድበት እንኳ የፕሮግራሙን ቅጂ ለማንም አልሰጠምና አይጠየቅም። ሸርጡ የሚነቃው ቅጂው ከእጁ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ነው። ሳጥን የሚሸጥ ሰው ደግሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሳጥኑን ሲያስረክብ ዳታቤዙን አብሮ አስረከበ። የሶፍትዌር ነጋዴ ነኝ ብሎ ባያስብም ሆኗል። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ሠሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለናል፤ "እኔ የምሸጠው ዕቃ ነው" ይላሉ።

ሲያስረክብስ ምን ይጠበቅበታል? የላይሰንሱን ጽሑፍ አብሮ መስጠት። የባለቤቶቹን ስም የያዘውን ማስታወቂያ አለመፋቅ። እና ዋናው፦ ሶርስ ኮዱን መስጠት። ሶርስ ኮድ ማለት ፕሮግራመሩ የጻፈው፣ ሰው የሚያነበውና የሚያስተካክለው ጽሑፍ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የሚጫነው ወደ ማሽን ቋንቋ ከተቀየረ በኋላ ያለው ነው፤ ወጡን የበላ ሰው ቅመሙን በልኩ እንደማያውቀው ሁሉ ከዚያ ተነስቶ ኮዱን ማግኘት አይቻልም። ሻጩ ወይ ኮዱን ከሳጥኑ ጋር ይሰጣል፤ ወይ ደግሞ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል ይሰጣል። ቃሉም ማንም ሰው ቢጠይቀኝ የማድረሻውን ወጪ ብቻ አስከፍዬ ኮዱን እሰጣለሁ የሚል ነው።

ልጆቹ ሁለት መከራከሪያ አቀረቡ፤ ሁለቱም ከሌላ ሰው ስለሚሰሙ እንመልሳቸው። "እኛ ዳታቤዙን አልቀየርነውም" አሉ። አንቀጹ የቀየረና ያልቀየረ አይለይም፤ እንዳለ ያስረከበም ኮዱን ይሰጣል። "ኮዱ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ የፈለገ ከዚያ ያውርድ" አሉ። ሌላ ሰው የሰጠውን ቃል እያሳዩ ማለፍ በ3ኛው አንቀጽ የተፈቀደው ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነው። የሸጠ ሰው ግዴታው ራሱ ላይ ነው። ደግሞስ ያ ድረ ገጽ ነገ ቢዘጋ? በስሪት ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሌላ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው ሌላ ቢሆን?

ከዚህ ሁሉ ግን እኛን የከበደን የሽያጭ ወረቀታቸው ነው። ከአንድ ማተሚያ ቤት ናሙና ቀድተው ያሳተሙት ነው። "ሳጥኑን መክፈት፣ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም መቅዳት ወይም መመርመር በሕግ ያስጠይቃል" ይላል። የጂፒኤል 6ኛ አንቀጽ ደግሞ ቅጂው የደረሰው ሰው መቅዳት፣ ማከፋፈልና መቀየር እንደሚችል፣ አስረካቢውም በዚህ መብት ላይ ተጨማሪ ክልከላ መጣል እንደማይችል ይናገራል። ማለትም ልጆቹ በነፃ የተሰጣቸውን መብት ከመስጂዶቹ ላይ ወሰዱ። ባለማወቅ ነው፤ እናውቃቸዋለን። ግን ሰባት የመስጂድ ኮሚቴ የሌለ ክልከላ ላይ ፈርሟል።

እዚህ ጋ አንድ የቆየ ነገር እናንሳ። ከዓመታት በፊት መስጂዳችን ውስጥ የመዋጮ መመዝገቢያ ዕቃ ነበረ። የሸጠልን ሰው ሥራውን ዘግቶ ከአገር ወጣ። ዕቃው አንድ ቀን አልነሳም አለ። ሦስት ባለሙያ አሳየን፤ ሦስቱም ውስጡ ተቆልፏል፣ በምን እንደተሠራ አይታወቅም አሉን። የአምስት ዓመት መዝገብ አብሮት ጠፋ። ማን ምን እንደሰጠ፣ የትኛው ገንዘብ ለግንባታ፣ የትኛው ለየቲሞች ተብሎ እንደገባ የሚያውቅ ሰነድ አልቀረም። ኢማማችን ሚንበር ላይ ወጥተው ሰጪዎች እንደገና መጥተው እንዲያስመዘግቡ ለመኑ። የመጣ መጣ፤ ያልመጣው አሁንም በአማና አንገታችን ላይ ነው። ይህን ያየ ሰው የሶርስ ኮዱን ጥያቄ የፈረንጅ ቅንጦት አይለውም። ጂፒኤል የሚጠብቀው የጸሐፊውን መብት ብቻ ይመስለን ነበር። ስናነበው አብዛኛው አንቀጽ የሚያወራው ሳጥኑን ስለያዘው ሰው ነው፤ ሠሪው ቢሞት፣ ቢሰደድ፣ ቢቀየም ሌላ ባለሙያ አምጥቶ እንዲያስጠግን።

በሸሪዓ በኩል ያለውን ባጭሩ እንበል፤ ዝርዝሩ የዑለማዎች ነው። የጽሑፍና የፈጠራ መብት በዚህ ዘመን ዋጋ ያለው ሐቅ ስለመሆኑ የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤ ተነጋግሮበታል። በውሳኔ ቁጥር 43 የተጠበቀ መብት መሆኑንና መጣስ እንደማይፈቀድ ወስኗል። ሱረቱል ማኢዳ የሚከፈተው ዐቅዶችን ሙሉ በሚል ትእዛዝ መሆኑን፣ ሙስሊም ሐራምን ሐላል እስካላደረገ ድረስ በገባበት ሸርጥ እንደሚታሰር የሚናገረውንም ሐዲሥ መድረሳ የገባ ሁሉ ያውቃል። ጸሐፊው እምነታችንን የማይጋራ፣ ስማችንን የማያውቅ ሰው መሆኑ በዚህ ላይ የሚለውጠው ነገር የለም።

ከልጆቹ አንዱ "ይሄ እኮ ወቅፍ ነው" አለን፤ ደስ አለን። እውነትም ይመስላል። መስጂዳችን መደርደሪያ ላይ "ወቅፍ" የሚል ማኅተም ያለባቸው ኪታቦች አሉ፤ ማንም ይቀራቸዋል፣ ማንም ቤቱ ወስዶ የራሱ አያደርጋቸውም። የዋቂፉ ሸርጥም ይከበራል። ግን አንድ አይደሉም። ወቅፍ አይሸጥም፤ ጂፒኤል ግን መሸጥን በግልጽ ይፈቅዳል፣ ልጆቹም ሳጥናቸውን በፈለጉት ዋጋ መሸጥ ይችላሉ። ወቅፍ ያደረገ ሰው ንብረቱ ከእጁ ይወጣል፤ የጂፒኤል ጸሐፊ ግን ባለቤትነቱን አልለቀቀም። ሸርጡን ለማስከበር ፍርድ ቤት መሄድ የሚችለውም ስላልለቀቀ ነው።

"ፍርድ ቤት" ስንል ሁለተኛው ልጅ ሳቀ። "አዲስ አበባ ላይ ማን ይከሰናል?" አገራችን ውስጥ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ "እዚህ ሕግ የለም" አይባልም። ሳጥኑ ሊሄድበት ባለው ጀርመን ደግሞ ሙኒክ ያለ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 የሊኑክስ ኮድ ጸሐፊ ከሆኑት አንዱ ሀራልድ ቬልተ ባቀረበው ክስ፣ ሲትኮም የተባለ ኩባንያ የጂፒኤልን ሸርጥ ሳያሟላ የኢንተርኔት ማከፋፈያ ዕቃውን እንዳያሰራጭ አግዷል። ዕቃ ነው የታገደው፤ ሶፍትዌር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሊንክሲስ የሚባለው ኩባንያ በአንድ የዋይፋይ ዕቃው ውስጥ ሊኑክስ እንዳለ ሲታወቅ እ.ኤ.አ. በ2003 ኮዱን እንዲያወጣ ተገዷል። ከዚያ ኮድ በመነሳት ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባለው ሥራ ተጀመረ፤ ሠሪዎቹ የረሷቸውን ዕቃዎች ሰዎች ዛሬም ድረስ በእሱ ያድሳሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ደግሞ አንድ የሶፍትዌር ነፃነት ድርጅት ካሊፎርኒያ ውስጥ ቪዚዮ የተባለውን ቴሌቪዥን አምራች ከሰሰ። የከሰሰው ኮዱን የጻፍኩ ነኝ ብሎ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑን የገዛሁ ነኝና ኮዱ ይገባኛል ብሎ ነው። ይህ ክስ ለእኛ ትርጉም አለው። ሰባቱ መስጂዶች ገዢዎች ናቸዋ!

እውነቱን ለመናገር ግን ልጆቹን ክስ ሊያስፈራቸው ይገባል ብለን አናምንም። ማንም ላይከሳቸው ይችላል። 4ኛው አንቀጽ ግን ሳይከሰሱም ይሠራል፤ ሸርጡን ያፈረሰ ሰው ፕሮግራሙን የማሰራጨት መብቱ በራሱ ይቋረጣል። ከእሱ የገዙት ግን፣ እነሱ ሸርጡን እስከጠበቁ፣ መብታቸው አይቋረጥም። መስጂዶቹ አልተነኩም፤ የተቋረጠው የሻጮቹ ነው። ይህን ስናነብ ሁለተኛውም ልጅ ሳቁን ተወ።

አሁን ወደ ሐሺያው እንምጣ። ልጆቹ በጣም የፈሩት የራሳቸውን ፕሮግራም፣ ሌሊት ተቀምጠው የጻፉትን፣ አብሮ መስጠት ግድ ይሆን እንደሆነ ነው። "መርካቶ ላይ በሳምንት ውስጥ አስመስለው ይሸጡታል" አሉ። ፍርሃታቸው የሚናቅ አይደለም፤ በዚህ ሥራ ነው የሚያድሩት። ጂፒኤል በአንድ ማከማቻ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ የተለያዩ ፕሮግራሞችን አንድ አያደርግም፤ ይህን በግልጽ ጽፎታል። ዳታቤዙ ብቻውን የሚሮጥ ፕሮግራም ነው፣ የእነሱም ብቻውን ነው። ስለዚህ በዳታቤዙ ብቻ የራሳቸው ኮድ አይጠየቅም የሚለው ሚዛን የሚደፋ ይመስለናል።

ችግሩ ማንም ያላየው ቦታ ነበር። ሁለቱ የሚነጋገሩት በመሃል ባለች ማገናኛ ነው። ልጆቹ በፓይተን ስለሚጽፉ ያወረዷት የኦራክልን የፓይተን ማገናኛ ነበር፤ እሷ ራሷ በጂፒኤል የተለቀቀች ናት። ለሌሎች ኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞች የተለየ ፈቃድ አላት፤ ለተዘጋ ፕሮግራም ግን የላትም። እሷ ደግሞ ጎን ለጎን አትቀመጥም፤ የልጆቹ ፕሮግራም ውስጥ ገብታ ነው የምትሠራው። ጂፒኤልን ያወጣው የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን እንዲህ ያለው ውህደት ሙሉውን ፕሮግራም በሸርጡ ሥር ያስገባዋል ይላል፤ አይ፣ እዚያ ድረስ አይሄድም የሚሉ የሕግ ሰዎችም አሉ። ጉዳዩ ከማይኤስኪውኤል ጋር በተያያዘ ኑስፊር በሚባል ድርጅት ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 ቦስተን ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ዳኛዋ በንግድ ምልክቱ ላይ ትእዛዝ ሰጡ፣ የጂፒኤሉን ጥያቄ ግን ሳይቋጩት ባለጉዳዮቹ ታረቁ። ኺላፍ ያለበት መስአላ ነው።

እኛ ያልናቸው አጠራጣሪውን ትታችሁ ወደማያጠራጥረው ሂዱ ነው። ቀላል ነበርና። ፓይማይኤስኪውኤል የምትባል ያንኑ ሥራ የምትሠራ ማገናኛ አለች፤ ላይሰንሷ ኤምአይቲ ነው፣ ማስታወቂያዋን አትፋቁ ከማለት በቀር ብዙም አትጠይቅም። የሦስት መስመር ለውጥ ነው አሉን። ለሦስት መስመር ብለው ነው እንቅልፍ ያጡት!

ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቅን፤ የማያውቅ ሰው ጥያቄ ነው፣ ግን ጠቀመ። ለአንድ መድረሳ መዝገብ ይህን ያህል ትልቅ ዳታቤዝ ለምን አስፈለገ? ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኮሌጅ የተማሩት በእሱ ስለነበር ነው። ኤስኪውላይት የሚባል አለ። ሪቻርድ ሂፕ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ነው። የአንድሮይድ ስልክ ከያዛችሁ አሁን ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ጸሐፊዎቹ ባለቤትነታቸውን ጨርሰው ለሕዝብ ለቀውታል፤ ሸርጥ የለውም። ኮዱ ራስ ላይ በላይሰንስ ፋንታ ያስቀመጡት መልካም እንድንሠራ፣ ይቅር እንድንባባል፣ ከምንሰጠው በላይ እንዳንወስድ የሚመኝ ምርቃት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ትልቅ ሥራ ላይ ይቸገራል፤ ለአንድ ሳጥንና ለሦስት መቶ ደረሳ ግን ይተርፋል። ከፍ ያለ ከተፈለገም ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የወጣው ፖስትግሬስ አለ፤ ማስታወቂያውን አብራችሁ ስጡ ይላል፣ ከዚያ ያለፈ አይጠይቅም።

ይህን ስንል ጂፒኤል ይሸሽ ማለታችን እንዳይመስል። ለገዢው ጂፒኤል ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱን ከላይ በጠፋው መዝገባችን ተናግረናል። የምንለው ዳታቤዙ ሲመረጥ ሸርጡም አብሮ ይመረጥ ነው፤ ሳጥኑ ከተሸጠ በኋላ ሳይሆን ሳይሠራ በፊት። ላይሰንስ ይቀየራልም። ሞንጎዲቢ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሬዲስ እ.ኤ.አ. በ2024 ላይሰንሳቸውን አጥብቀዋል። ሬዲስ ሲያጠብቅ ሌሎች ከድሮው ኮድ ቫልኪ የሚባል ጀመሩ፤ እሱ ራሱ ደግሞ በዓመቱ ከፊል ተመልሷል። በድሮው ሸርጥ የተወሰደ በድሮው ይቀጥላል፤ ስለዚህ የትኛውን ስሪት በየትኛው ሸርጥ እንደወሰዳችሁ ከወረደበት ቀን ጋር ጽፋችሁ ያዙ። ብድር የተሰጣጣ ሰው ይጻፍ እንደተባለው ማለት ነው።

ኤስኪውላይት ቢገባም ግዴታው ከሳጥኑ ጨርሶ አይወጣም። ኮምፒውተሯን የሚያስነሳው ሊኑክስ ራሱ በጂፒኤል ሁለተኛ እትም ነው፤ ከእሱ ጋር የሚመጡት ትናንሽ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ብዙዎቹ ጂፒኤል ናቸው። ልጆቹ ዝርዝሩን ከኮምፒውተሯ ሲያወጡት ብዙ መቶ ስም ሆነ። አንደኛው "ይሄን ሁሉ ሰው በነፃ ጽፎልን ነው እንዴ?" ብሎ ቁጭ አለ። እኛም ቁጭ አልን። ሰባት ሳጥን ሸጠን ስማችንን ብቻ ነበር ከላይ የለጠፍነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ኢማማችን ተመለስን። ዝርዝሩን አዩ፤ የሽያጭ ወረቀቱንም አስነበቡ። "የመመርመር ክልከላዋን አውጡ፤ የተሸጠላቸውን ደግሞ ሄዳችሁ ንገሩ" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ልጆቹ አሁን አዲሱን ሳጥን በኤስኪውላይት እየሠሩ ነው። አብሮት በአማርኛ የተጻፈ አንድ ቅጠል ወረቀት ይታጠፋል። ውስጡ ምን ምን ፕሮግራም እንዳለ፣ ማን እንደጻፈው፣ ኮዱን የፈለገ ሰው በየትኛው ስልክ እንደሚጠይቅ ይናገራል። ኮዱ ራሱ በፍላሽ ተገልብጦ ይሰጣል፤ ፍላሹ ዋጋው ላይ ተጨምሯል፣ ይህም ይፈቀዳል። የራሳቸውን ፕሮግራም ዘግተው ይዘዋል፤ መብታቸው ነው። ጀርመን ላሉት ዝርዝሩ ተልኳል፤ ሦስት ሳጥን አዝዘዋል።

ለቀድሞዎቹ ሰባት መስጂዶች ወረቀቱንና ፍላሹን ይዘን መዞር ጀምረናል። አምስቱ ጋ ደርሰናል። አንዱ መስጂድ ላይ ሙአዚኑ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና "ታዲያ ይሄ ዕቃ ሲበላሽ ሌላ ሰው ሊነካው ይችላል ማለት ነው?" ብለው ጠየቁን። አዎ አልናቸው። ፍላሹን ከመብራት ደረሰኞቹ ጋር በአንድ ሳጥን ቆለፉበት። የቀሩት ሁለቱ ደሴና ከሚሴ ናቸው፤ ኢንሻአላህ ከረመዳን በፊት እንሄዳለን፤ በዚያ በኩል የሚጓዝ መኪና ያለው ወንድም ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልን።